ላፕቶፕሽ ቀይ የሆነ ቀን

አስክዬ፣ የቤቴ እመቤት፣

ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም። ስንጋባ ነገሩ በሽማግሌ አለቀ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ አንድ ጣሪያ ሥር ስለነበርን የሚጻፍ ነገር አልነበረንም። አሁን ግን የምነግርሽ ተጠራቀመ። ግማሹም የሥራሽ ጉዳይ ስለሆነ ፎቶ ቤትሽ ውስጥ በርጩማሽ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ከተለየሽኝ ክረምቱ አለፈ፣ የገብሱ አጨዳ አለፈ፣ ሁዳዴም ተገባደደ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሙት ዓመትሽ ይደርሳል።

እንዴት ነህ ብትዪኝ ደህና ነኝ ማለት ውሸት ነው፤ አመመኝ እንዳልል ደግሞ የሚያመኝ ቦታ የለም። ደንዝዣለሁ። ሰው ሲያጽናናኝ አመሰግናለሁ፣ ሲስቅ እስቃለሁ፣ ምግብ ሲቀርብልኝ እበላለሁ። ሁሉንም የማደርገው ከሩቅ ሆኜ ነው። አይሱዙውን አቁሜዋለሁ። ከተዝካርሽ በኋላ አንድ ጊዜ ጭነት ይዤ ሊማሊሞን ወረድሁ፤ ታች ዛሪማ ደርሼ ከመኪናው ስወርድ ከዚያ ሁሉ ጥምዝምዝ አንዱም ትዝ አላለኝም። እጄና እግሬ ነድተው አደረሱኝ እንጂ እኔ እዚያ አልነበርሁም። መፍራት ይገባኝ ነበር፤ አልፈራሁም። ቁልፉን ለወንድሜ ሰጠሁትና ተገላገልሁ።

ቤቱ እንደነበረ ነው። የጓሮው ባሕር ዛፍ በነፋስ ወድቆ የጎረቤትን አጥር ሰበረ፤ አስጠገንሁላቸው። ሽሮ መሥራት ተምሬያለሁ፤ ብትቀምሺው ዝም ብለሽ ጨው ታቀብዪኝ ነበር። ሌሊት ሌሊት ውርጩ አያድርስ ነው፣ ያንቺን ጋቢ በኔ ላይ ደርቤ እተኛለሁ። አንቺ ስትሄጂ ጠፍቶ የነበረው ኢንተርኔትም ተመልሷል። ስንት ቀን ሳጥኑን እየነካካሽ እንደጠበቅሽው አስታውሳለሁ፤ መጥቶ አላገኘሽም።

ፎቶ ቤትሽን የከፈትሁት ሥራ አምሮኝ አይደለም፤ ሰው በሩን ስለሚደበድብ ነው። ይህንን ላንቺ መንገሬ አይደለም፣ ለራሴ ነው፤ እኔ ብዙ ዘመን ከበሩ ላይ ጥሩምባ እየነፋሁ አለፍሁ እንጂ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አላስተዋልሁም ነበር። ከጃናሞራ፣ ከአምቢኮ ወገን ያለው ገበሬ በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው ፎቶ የሚነሳው፤ ለመታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ፣ አንቺ በሰቀልሽው ነጭ ጨርቅ ፊት። ሲሞት ዘመዶቹ ደባርቅ ድረስ ይመጡና ያንን ጉርድ ፎቶ አስወጥተው፣ አሳድገው ያሳትሙታል። ለቅሶው ላይ ከፍ አድርገው ይዘውት ይዞራሉ፣ አልቃሿም ፊቱን እያየች ትገጥምለታለች። አንቺ የማንንም ፎቶ አታጠፊም ነበር። ላፕቶፕሽ ውስጥ በየአገሩና በየአባቱ ስም ደርድረሻቸዋል። ከመካነ ብርሃን ብቻ ስንቱ እዚያ ውስጥ እንዳለ አየሁ፤ አብዛኞቹ አሁን በሕይወት የሉም።

ያንቺን ግን አጣነው። ስልክሽ በሕመምሽ ሰሞን ወድቆ ተሰብሮ ነበር፤ የሠርጋችን ፎቶ ላይ ደግሞ ሻሹ ግማሽ ፊትሽን ሸፍኖታል። ቀብርሽ ላይ የመታወቂያሽን ፎቶ አሳድገን ያዝን፤ ደብዝዞ የሌላ ሰው መሰለ። እህትሽ ዘውዲቱ የአገሩን ሰው ሁሉ ፎቶ ስታነሳ ኖራ ራሷ ያለፎቶ ተቀበረች እያለች ስንት ቀን አለቀሰች። ለሙት ዓመትሽ የሚሆን አንድ ጥሩ ፎቶ አገኛለሁ ብዬ ማልሁላት። ላፕቶፕሽ ውስጥ አንዱ ጥግ ላይ ያንቺም ፊት አይጠፋም ብዬ ተስፋ አደረግሁ፤ እስካገኘው ደግሞ የመታወቂያውን የሚያጠራ ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ጀመርሁ።

እዚህ ላይ ነው የተበላሸው። ገጹ ላይ ትልቅ አረንጓዴ ነገር አለ፣ ተጫንሁት። ከዚያ አንድ ጥያቄ መጣ፣ እሺ አልሁት። ሌላ መጣ፣ እሺ አልሁት። አስክዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በኬላ ያለፍሁ ሾፌር ነኝ፤ የሚያስቆመኝን ሁሉ ምን እንደጠየቀኝ ሳልሰማ እሺ ጌታዬ ስለው ነው ገመዱ የሚነሳልኝ። ኮምፒውተሩንም እንደዚያው አደረግሁት። ፕሮግራሙ ፎቶሽን አላጠራም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የስክሪኑ ጥግ ላይ ትንንሽ ማስታወቂያዎች ብቅ ማለት ጀመሩ፤ ቁማር፣ መድኃኒት፣ ራቁቷን የሆነች ሴት። ሰው ሲመጣ በእጄ እሸፍናቸው ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ጧት፣ ሱቁ ሰው እንደሞላ፣ ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ቀይ ሆነ። የሴት ድምፅ በእንግሊዝኛ ትጮኻለች፣ ከሥሯ የአምቡላንስ ዓይነት ጩኸት አለ። ድምፅ ማጉያሽን ታውቂዋለሽ፣ መንገድ ማዶ ይሰማል። ከቱሪስት የለቃቀምኋት እንግሊዝኛ ለማንበብ በቃችኝ፤ ኮምፒውተርህ በቫይረስ ተይዟል፣ ታግዷል፣ እንዳታጠፋው፣ ካጠፋኸው ያለህ ሁሉ ይጠፋል፣ አሁኑኑ በዚህ ስልክ ደውል ይላል። ለመዝጋት ሞከርሁ፣ የሚዘጋበት ምልክት የለውም። ማውሱን ባንቀሳቅስ ጩኸቱ ይብሳል። ገበሬዎቹ ተነስተው ቆሙ።

ካርድ ሞልቼ ደወልሁ። ቁጥሩ የውጭ አገር ነው። ያነሳው ሰውዬ ትሁት ነው፣ ሰር ሰር ይለኛል፤ በሕይወቴ እንደዚያ አክብሮ ያናገረኝ ሰው የለም። ማሽንህን ከዚህ ሆኜ እንዳየው አንድ ነገር ጫንልኝ አለና አድራሻ በፊደል በፊደል ይነግረኝ ጀመር። በአንድ ጣቴ እየፈለግሁ መታሁ። ጨርሼ ሳልጫነው መብራት ሄደ፣ የኢንተርኔቱም ሳጥን አብሮ ጠፋ። ገጹ አልከፈትም አለ ብዬ ስነግረው ትሕትናው ወዴት እንደሄደ እንጃ፤ ተቆጣኝ፣ ሞኝ ነህ አለኝ፣ እኔም ይቅርታ ስለው ካርዱ አለቀ።

ላፕቶፑ ግን በባትሪው ቀይ እንደሆነ ነው። ባትሪውን ታውቂዋለሽ፣ አርጅቷል። ገበያው ውስጥ የሙታኑ ፎቶ ሊጠፋ ነው የሚል ወሬ ገባና ሰው በሰው ላይ ሆነ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ መኮንን ዱላቸውን ይዘው መጡ፣ ነገሩን ከሥሩ አስነገሩኝ፣ አሰቡበት። ከዚያ ፈረዱ። ማጥፋት ክልክል ነው ከተባለ አይጠፋም፤ የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ ነፍሱን እንያዝለት፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጄኔሬተር ይምጣ አሉ። ሁለት ሰዎች እየሮጡ ሄዱ። የቀረነው ተቀመጥን። ደንበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ሞላ፣ ሌላው መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደ በሽተኛ ጠያቂ ባትሪው ስንት ቀረው ይላል። አንዲት እናት ጸበል ይዘው መጥተው ሊረጩበት ሲሉ ጋሽ መኮንን ከለከሏቸው፤ ለኤሌክትሪክ አይሆንም አሏቸው። እናትየዋ ተቀይመው ለራሳቸው ጠጡት።

ጄኔሬተሩ መጣ። ገመዱን ጎተቱት፣ ደጋገሙት፣ ሳል ሳል አደረገና ተኛ። ቤንዚኑ ካለፈው ክብረ በዓል የተረፈ አተላ ነበር። ቤንዚን የሚፈልግ ወደ መናኸሪያ ሲወጣ ስክሪኑ ጨለመ። ያቺ የምትጮኸው ሴትም በመሃል ተቋረጠች።  ጋሽ መኮንን ተነስተው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ነፍስ ይማር ሊሉ ከንፈራቸው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ተዉት። እኔ የአስካለም ፊት አብሮ ሄደ ብዬ አሰብሁ። እንደ ሬዲዮ ዜና ነው ያሰብሁት፤ ሰማሁት፣ አለፈኝ። በሩን ቆልፌ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ሚስቱን ሁለት ጊዜ ያጣ ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? ወሰደኝ። ያን እንቅልፍ እስካሁን አልወደድሁትም።

በማግስቱ ዘውዲቱ ማንን ይዛ መጣች መሰለሽ፤ ጥሩወርቅን። አዎ፣ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት ከፍታ ያንቺን የመሰለ ታፔላ የሰቀለችውን፣ ስሟ ሲነሳ ፊትሽን የምታዞሪባትን ጥሩወርቅ። ቀብርሽ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስታለቅስ አይቻታለሁ፤ አልነገርሁሽም ነበር። ስትገባ መጀመሪያ ነጩን ጨርቅሽን አየችው፣ አቧራውን በእጇ ጠረገችለት። ከዚያ ሰውዬው ያዘዘህን ነገር ጭነሃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መብራት ሄደብኝ ስላት እግዚአብሔር መብራት ኃይልን ይባርክ አለች፤ በደባርቅ ይህንን ምርቃት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ጭኜው ቢሆን ሰውዬው ቤትሽ ውስጥ ገብቶ እንደተቀመጠ ይቆጠራል፤ ኢንተርኔቱን ነቅሎ፣ የይለፍ ቃሉን ሁሉ ከሌላ ማሽን ላይ መቀየር ነበር የሚያስፈልገው አለች።

መብራት መጥቶ ስለነበር ላፕቶፑን ከፈተችው። ቀይ የለም፣ ጩኸት የለም። ፎቶዎቹ ሁሉ በየቦታቸው ናቸው። ጋሽ መኮንን በሩ ላይ ቆመው ሞቶ አልነበረም ወይ አሉ። ጥሩወርቅ እሳቸውንም እኔንም አስቀምጣ አስረዳችን። ያ ቀይ ነገር ቫይረስ አይደለም፤ እንደ ማንኛውም የኢንተርኔት ገጽ ተራ ገጽ ነው፣ ስክሪኑን ሙሉ ስለያዘ ነው መውጫ የሌለው የሚመስለው። እንዳታጠፋ የሚለው ካጠፋኸው ውሸቱ ስለሚያልቅ ነው። የማሽኑ የራሱ መከላከያ አይጮኽም፣ አያጣድፍም፣ ደውልልኝ ብሎ ስልክ ቁጥር አይሰጥም፤ ስልክ ቁጥር ካየህ ሌባ ነው አለች። ሌላ ጊዜ ሲመጣ ኮንትሮልን፣ ኦልትንና ዴሊትን አንድ ላይ ተጭኜ፣ ታስክ ማናጀር የሚለውን ከፍቼ ብራውዘሩን እንድዘጋው፣ ያም እምቢ ካለ የማብሪያውን ቁልፍ እስኪጠፋ ድረስ ይዤ እንድቆይ አሳየችኝ። አንድ ሙሉ እድር በጄኔሬተር ሊያድነው የሮጠው ሌባውን ነበር። ጋሽ መኮንን ትንሽ አሰቡና ይህ ከእድሩ እንዳይወጣ አሉ። በማግስቱ ከተማው ሁሉ ያወራው ነበር።

ቀዩ ቢሄድም የማስታወቂያዎቹ መንጋ እዚያው ነበር። ብራውዘሩ ሲከፈት ትናንት የነበረውን ገጽ ልመልስልህ ወይ ይላል፤ ጥሩወርቅ እምቢ አለችው። ከዚያ ቅንብሩ ውስጥ ገብታ ኖቲፊኬሽን እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን አሳየችኝ፤ እኔ በየኬላው እሺ ያልኋቸው ሁሉ ተሰልፈዋል። አንድ በአንድ ፈቃዳቸውን ነጠቀቻቸው። ብራውዘሩ ላይ የተለጠፈ የማላውቀው ኤክስቴንሽን ነበር፣ የመፈለጊያውን ገጽ ወደ ራሱ የቀየረው እሱ ነው፣ አወጣችው። የተጫኑትን ፕሮግራሞች ደግሞ በገቡበት ቀን ደረደረቻቸው፤ አረንጓዴውን በተጫንሁበት ቀን አብረው የገቡ ያልጠራኋቸው እንግዶች ተገኙ፣ እነሱንም ነቀለቻቸው። በመጨረሻ የማሽኑን የራሱን መከላከያ ሙሉ ምርመራ አድርግ ብላ ተወችው። ያ ረጅም ነው። እሱ እስኪያልቅ ሻይ ጠጣን። አስካለ በሕይወት ብትኖር ይህንን ወንበር አታስነካኝም ነበር አለች፤ እውነቷን ነው አልኋት። የደረደርሽበትን ሥርዓት አይታ ግን እኔ እንዲህ አልችልም አለች። እንዲያኮራሽ ብዬ እነግርሻለሁ።

ምርመራው አልቆ ንጹሕ ነው ሲል ፎቶዎቹን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ጀመረች፤ አንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጥ እብደት ነው ብላ ተቆጣችን። ስትገለብጥ ነው ያየችው። ሙከራ የሚል ፎልደር አለ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ይከብዳል። ከፈተችውና እጇ ቆመ። ተጠግቼ አየሁ። ሁሉም አንቺ ነሽ።

እኔ የማላውቀውን ጥሩወርቅ ወዲያው አወቀችው፤ ባለሙያ ናትና። ደንበኛ ከመግባቱ በፊት መብራቱ ልክ መሆኑን የምታዪው ራስሽ ላይ ነበር። በርጩማው ላይ ትቀመጪያለሽ፣ ቀለሙ እንዲስተካከል ነጭ ወረቀት ደረትሽ ላይ ትይዣለሽ፣ ካሜራው ራሱ ያነሳል። በየጠዋቱ። ዓመት ከዓመት። እኔ አይሱዙውን አሙቄ ወደ ሊማሊሞ ስወጣ አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ ነበር። ፈገግታ የለውም፣ ለማማር አልተቀመጥሽም፤ ዓይንሽ ብርሃኑን ብቻ ነው የሚመረምረው። አንዱ ላይ ጉንጭሽ ውስጥ ቁርስሽ አለ። አንዱ ላይ ተናደሻል፣ ምናልባት በኔ። ጥቁር ፀጉርሽ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄዱ ግንባርሽ ጋ ይነጣል። መጨረሻው ላይ ወረቀቱን በአንድ እጅሽ ብቻ ነው የያዝሽው፤ ሌላው እጅሽ ራስሽን ይዟል። ያን ጠዋት ቤት ውስጥ ደህና ነኝ ብለሽኝ ነበር።

ዘውዲቱ አንዱንም አልወደደችውም። ሻሽ የለሽ፣ ጌጥ የለሽ፣ ሰው ምን ይላል አለች። ጥሩወርቅ ግን የተናደድሽበትን መርጣ ትልቅ አድርጋ አተመችው፣ ዋጋም አልቀበልም አለች። ዘውዲቱ ወረቀቱን እንዳየች እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሙት ዓመትሽ ላይ የሚያዘው እሱ ነው። የሚያውቅሽ ሁሉ ያውቅሻል።

ትናንት ከመካነ ብርሃን አንድ አባት መጡ፣ መታወቂያ ሊያወጡ። አስቀመጥኋቸው፣ አነሳኋቸው፤ ግራ ፊታቸው ጨለመ። እንደገና አነሳኋቸው፣ ያው ነው። እሳቸው ዝም ብለው እንደተቀመጡ ላፕቶፑን ከፍቼ ያንቺን የአንድ ቀን ጠዋት አወጣሁ፤ ያንቺ ፊት በሁለቱም በኩል እኩል ብርሃን አለው። ጥላሽ አፍንጫሽ ሥር የት እንደወደቀ እያየሁ አምፖሉን ገፋሁ፣ ከፍ አደረግሁ፣ መለስሁ፣ እስኪመሳሰል ድረስ። ስንት ጊዜ ቀና ብዬ እንዳየሁሽ አላውቅም። አባትየው ምን እየፈለግህ ነው ልጄ አሉኝ። ሚስቴን አልኋቸው፣ እሳቸውም አንገታቸውን ቀና አድርገው ተቀመጡልኝ። ፎቷቸው ጥሩ ሆኖ ወጣ።

ያን ጊዜ አመመኝ፣ አስክዬ። ደረቴ መሃል ላይ፣ በደንብ አመመኝ። ናፍቀሽኛል። ይህንን ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ ያወራሁት።

እንግዲህ ቃሌ ይኸውልሽ። መብራቱን በዓይኔ ማስተካከል አልችልበትም፣ መቻልም አልፈልግም። በየጠዋቱ በሩን ከመክፈቴ በፊት ፊትሽን አወጣለሁ፣ እሱን እያየሁ አምፖሉን አቆማለሁ፣ ከዚያ ሰው ይገባል። ከጃናሞራ የሚመጣው ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ፎቶ የሚነሳው አንቺ ላይ በወደቀው ብርሃን ነው።

ባለቤትሽ